እትዬ መስታወትና እምቢተኛዋ ጋላክሲ

ሰው ስለ ሰው የሚጽፈው ሰውየው ሲሞት ነው። እትዬ መስታወት አልሞተችም፤ ደክሟታል እንጂ። ያን ያህል የደከመው ሰው ደግሞ ስለ ራሱ አያወራም፤ ሲጠሩት "አቤት" ለማለት እንኳ አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ እኔው ልናገር። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን ሠርተናል። ከሚስቴ ጋር ራሱ ያን ያህል ሰዓት አብሬ አልተቀመጥኩም፤ ይህን ለሚስቴ አትንገሩብኝ።

የምንሠራው ከዋክብት የሚጠኑበት ተቋም ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኝና "እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ በቴሌስኮፕ ሰማይ ስታዩ ታድራላችኋ!" ይለኛል። ኧረ ምን በወጣን! ቴሌስኮፑ ያለው ከከተማ ውጭ፣ ኮረብታው ላይ ነው። እኔ እዚያ የወጣሁት በዕድሜዬ አራት ጊዜ ነው፣ በአንዱም ዝናብ ነበር። እኛ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የምንሠራ፣ ምሳ በሳህን ቋጥረን የምንመጣ፣ የመስታወት ክፍል ሠራተኞች ነን።

መስታወት ስል የፊት ማያውን አይደለም። ድሮ፣ ኮምፒውተሩ ሳይመጣ፣ ሰማዩን ፎቶ የሚያነሱት በመስታወት ላይ ነበር። የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ስስ መስታወት ነው፤ አንዱ ፊቱ ብርሃን የሚይዝ ቅብ አለው፣ ሌላው ፊቱ ባዶ ነው። ኮረብታው ላይ ፎቶው ይነሳበትና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወረቀት ከረጢት ተከትቶ፣ በሣጥን ወደ እኛ ይወርዳል። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ መስታወት አለን። እኔ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳየውን ቀስት በቀለም እጽፍበታለሁ። "ቀለሜ" የሚሉኝም ለዚህ ነው፤ በትምህርቱማ ቢሆን ማን ቀለሜ ይለኝ ነበር። እሷ ደግሞ ትለካለች።

መለካት ሲባል ቀላል ይመስላል። ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ አለ። መስታወቱን እዚያ ላይ ታስተኛለች፣ አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኗ ላይ ትደቅናለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ከዚያ ቀና የምትለው ለምሳ ነው። መስታወቱ ላይ ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር። አንድ ጋላክሲ፣ ያ ስንት ቢሊዮን ፀሐይ የያዘ ጉድ፣ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። የዚያን ምስር ርዝመት፣ ስፋት፣ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ስንት ክንድ እንዳለው፣ ክንዶቹ በየት በኩል እንደሚጠመዘዙ ትለካለች። አንዱን ሦስት ጊዜ ነው የምትለካው፤ ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ። የጠዋቱን ቁጥር ከሰዓት በኋላ እንዳታየው በወረቀት ትሸፍነዋለች፤ ራሷን እንኳ አታምንም። እኔ በዚህ ስስቅባት "ዓይን ሆድን መስማት ይወዳል፣ ቀለሜ" ትለኝ ነበር። ማየት የፈለግከውን ያሳይሃል ማለቷ ነው።

ወደ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያላት አንድ ታላቅ እህት ናት። "እታበባ" ትላታለች፤ እኛም እንደዚያው ነው የምንላት። እታበባ ድፍን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ናት፤ ኋላ ኋላ ስኳሩም ዓይኗን ያዘባት። ጠዋት ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ በጎኗ ታገላብጣታለች፤ ማታም ያንኑ። የጠዋቱን ጨርሳ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣለች። "እንዴት አደርሽ እትዬ?" ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ያው ነጋ።" ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ያው ነጋ"! አንድ ቀን ተናድጄ "ባይነጋስ ምን ልትዪ ኖሯል?" አልኳት። "እተኛ ነበር" አለችኝ።

እንግዲህ ስለ እምቢተኛዋ ልንገራችሁ።

ከምንይዛቸው ጋላክሲዎች ሁሉ ስም የወጣላት እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ቁጥር ናቸው። ሩቅ ናት፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ይላሉ የጋላክሲ ጥናቱን የሚመሩት ዶክተሩ። በዚያ ላይ በሰከንድ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየራቀችን ትሄዳለች። እኛን አይታ ከሆነ የሸሸችው አልፈርድባትም። መሃሏ አሮጌ ኮከብ የተጠቀጠቀበት ቢጫ እምብርት ነው፣ ከዚያ ሁለት ክንዶች ይወጡና ይጠመዘዛሉ። አንደኛው ረጅም ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። በክንዶቿ ላይ ሠላሳ ሰባት ነጠብጣቦች አሉ፣ አዲስ ኮከብ የሚወለድባቸው ቦታዎች ናቸው። በሰሜን በኩል እንደ ጭስ ያለ አቧራ አቋርጧታል። ይህን ሁሉ የቆጠረችው እትዬ መስታወት ናት። ያቺን ጋላክሲ ያነሱ ሌሎች መስታወቶችም አሉን፤ ግን በእነሱ ላይ እድፍ ነው የምትመስለው። ክንዶቿ ጥርት ብለው የወጡባት አንዲት መስታወት ብቻ ናት።

እምቢተኛ ያሰኛት አዟዟሯ ነው። ጥምዝ ጋላክሲ ሲዞር ክንዶቹን ከኋላው ይጎትታል፤ ደንቡ ነው። ወዴት እንደምትዞር ዶክተሩ ብርሃኗን ተንትነው ያውቁታል፤ ይህቺ ግን እትዬ መስታወት ክንዶቿን በለካችው መሠረት ክንዶቿን ወደፊት አስቀድማ ነበር የምትዞረው። ዶክተሩ ይህን ሲያዩ እንቅልፍ አጡ። በየአገሩ ዞረው ተናገሩላት፣ ጻፉላት፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ወደ ክፍላችን ይዘውት ይወርዱና "እምቢተኛዋን አሳዪልን" ይላሉ። እትዬ መስታወት ቀስ ብላ ከሣጥን ታወጣታለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ልክ እንደ ሰው፣ አንዲት ግትር ልጅ የምንኮራባት አለችን።

በመጨረሻ ዶክተሩ ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ላሳትም አሉ። እሷ የለካቻቸው ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ጋላክሲዎች፣ እያንዳንዳቸው ከነልካቸው። "ሽፋኑ ላይ ከእኔ ስም ሥር የልኬቱ ባለቤት ብዬ ያንቺን ስም ነው የማስገባው" አሏት። እሷ ወደ አጉሊ መነጽሯ ተመለሰች። እኔ ግን ለእታበባ ስነግራት፣ ያን ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ነው፣ ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ሆና እልል አለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ለመጣው ለሄደው ወሬዋ እሱ ሆነ። መርፌ ልትወጋት የምትመጣዋን ነርስ ሳይቀር "የእህቴ ስም መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው" ትላታለች። "ስሟ ከነአባቷ ሲነበብ ሳልሰማ ነፍሴ አትወጣም" ስትል እኔው ሰምቻለሁ። ሰው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸክም ሆኜባታለሁ ብሎ ሲያስብ፣ የተሸከመው ሰው አንድ ነገር እንዲያገኝ አጥብቆ ይመኛል። እትዬ መስታወትም ይህን ታውቅ ነበር። ለራሷ ሳይሆን ለእታበባ ስትል ያን ስም ፈልጋዋለች፤ አንድ ቀን መስኮት መስኮቱን እያየች "ለእሷ ጥሩ ነው" ስትል ሰማኋት። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ጡረታ ልትወጣ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው ነገሩ የፈነዳው። ከምሳ በኋላ ነበር። የእምቢተኛዋ ፎቶ ለመጽሐፉ በጥሩ ካሜራ እንዲነሳ ስለተፈለገ መስታወቷን ከሣጥን ቁጥር አሥራ አራት ልታወጣ ሄደች። ትንሽ ቆይታ፦

"ቀለሜ፣ ና እስኪ" አለች።

"ምን ሆነ?"

"ና ስልህ ና።"

ሄድኩ። መስታወቷ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተከፍላለች። ክው አልኩ፤ ተሰበረች ብዬ። አልተሰበረችም። የዚያ ሣጥን መስታወቶች ድሮ ውሃ ነክቷቸው ስለነበር ቅቡ እንዳይላጥ በላዩ ላይ ሌላ ንጹህ መስታወት ተከድኖበት፣ ጠርዝ ጠርዙ በጥቁር ወረቀት ታሽጎ ነበር የሚቀመጠው። ያ ወረቀት በዕድሜ ብዛት ደርቆ እጇ ላይ ፈረሰና ክዳኑ ከመስታወቱ ተለያየ፤ ይኸው ነው።

"እና ምን አለበት? እናሽገዋለን" አልኳት።

"ጽሑፍህ የት ነው ያለው?"

አየሁ። ቁጥሩ፣ ቀኑና ቀስቱ ያሉት ክዳኑ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የእኛ ሥራ የቆመው በአንዲት ደንብ ላይ ነው፦ ጽሑፍ የሚጻፈው ቅብ በሌለው ፊት ነው። ጽሑፉን ወደ አንተ አድርገህ ካነበብከው ሰማዩ በትክክል ተቀምጧል። በቅቡ በኩል ከተጻፈ ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ፊቱን ለመለየት ድሮ አሮጌው ፎቶ አንሺያችን ያስተማረን ዘዴ መሳም ነበር። እውነቴን ነው! የመስታወቱን ጫፍ በእርጥብ ከንፈር ትነካዋለህ፤ ቅብ ያለበት ፊት ቀስ ብሎ ይይዝሃል፣ ባዶው አይዝህም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስተምረው መስታወት መሳም ነው፤ እየሳቅንበት። የተከደነ መስታወት ግን በሁለቱም ፊት ልሙጥ ነው፣ ቢስሙት አይናገርም። ያኔ የሚታመነው ጽሑፉ ብቻ ነው።

እትዬ መስታወት ጎንበስ ብላ የመስታወቷን ጫፍ፣ ክዳኑ በነበረበት በኩል፣ በከንፈሯ ነካችው። ያዛት። እኔም ይይዛታል ብዬ አልጠበቅኩም ብል ውሸቴን ነው፤ ገና ሳትስመው ወሽመጤ ተቆርጧል። ቀና አለችና መስታወቷን ገለበጠች፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኗ ላይ ደቀነች። ረጅም ሰዓት አየች። ከኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ስትጎትት ይሰማል።

"እንደ ማንም ናት" አለች በመጨረሻ።

"ማ?"

"እምቢተኛ አይደለችም። ክንዶቿን ከኋላዋ እየጎተተች ነው የምትዞረው፣ እንደ ሁሉም።"

ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልረሳሁትም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጣራው አፍስሶ ሣጥን አሥራ አራትን አራሰው። እትዬ መስታወት በዚያ ሳምንት እናቷ ሞታባት ፈቃድ ላይ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ መስታወት ክዳን ሊደረግለት ነበርና የቀድሞው ጽሑፍም ስለፈዘዘ እንደገና ጻፍ አሉኝ። ዓርብ ከሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ልቤ ቤት ነው። አሥራ ሁለቱን እየሳምኩ፣ እያረጋገጥኩ ጻፍኩ። የቀሩት ሰባቱ ቀድመው ተከድነው ታሽገው መጡ፣ መሳም የለም። እንደተደረደሩ፣ ከላይ ባለው ፊት ላይ ጻፍኩባቸው። ይሆናል ብዬ። "ይሆናል" የምትባለዋን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ረስቼው ነው የኖርኩት።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ። እኔማ እናቴን ስቀብር ነበር።"

"ተይው" አልኳት ከዚያ። አፍሬ ልንገራችሁ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። "መልሰን እናሽገው። ማን ያያል? መጽሐፉ ይውጣ፣ አንቺም በክብር ውጪ። ዶክተሩ ይህን ቢሰሙ ልባቸው ቀጥ ነው የሚለው። ወደፊት ያገኘው ያግኘው።"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ አሸች።

"ስምንት መቶ አሥራ ሁለቱንም እኔ ነኝ ያየሁት ብዬ ልፈርም ነው፣ ቀለሜ። አንዷን ውሸት መሆኗን እያወቅኩ?"

"ለእታበባስ አታስቢም?"

ይህን በማለቴ ዛሬም ድረስ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል። እሷ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደክሞኛል" አለች። "ይህን ይዤ ቤት መግባት አልችልም። ቤት ውስጥ የምሸከመው አለኝ።"

ተነሳች። መስታወቷን በጨርቅ ጠቀለለችና ወደ ደረጃው ሄደች። ተከተልኳት። የዶክተሩ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። እሷ በየእርከኑ ታርፋለች፣ እኔም ከኋላዋ እቆማለሁ። "እናገራለሁ" እያልኩ ነበር የምወጣው፣ እምላለሁ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ይቅርታ" የሚለውን አፌ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። መሃል ደረጃ ላይ ስታርፍ ዞር ብላ አየችኝ፦

"አንተ የጻፍከው በአንድ ደቂቃ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አየሁት" አለችኝ።

ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ዶክተሩ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጡረታ ወጥተውም ቢሮውን አልለቀቁም። መስታወቷን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሷት። እትዬ መስታወት አጠር አድርጋ ነገረቻቸው፤ ክዳኑ፣ ጽሑፉ፣ የተገለበጠው። እሳቸው አንድ ጊዜ በዚህ ፊት፣ አንድ ጊዜ በዚያ ፊት አዩ። ከዚያ መስታወቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም፤ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"በስንት አገር ተናግሬያታለሁ" አሉ። ከዚያ፣ "ማነው ይህን የጻፈው?"

የእኛ ክፍል ጽሑፍ የማንም እጅ አይደለም። አሮጌው ፎቶ አንሺ ሁላችንንም በአንድ ዓይነት ቅርጽ፣ ፊደሉን እየሳልን እንድንጽፍ ነው ያሠለጠነን፤ እሷም በተጨናነቅን ጊዜ ትጽፍ ነበር። ዶክተሩ በጽሑፉ ሊለዩን አይችሉም። ሁለታችንም ፊታቸው ቆመናል። አፌን ከፈትኩ። ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል፣ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ጫማዬን አየሁ። የግራው ክር ተፈቷል።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ መስታወት።

"አንቺ?" አሉ ዶክተሩ። ያላመኑ መሰሉ።

"እኔ ነኝ። ሳላጣራ ለካሁ።"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ፣ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔ ዝም። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይላሉ። ይግባ! ምናለ አንድ አገር ዝንብ ገብቶብኝ ያን ቀን በተናገርኩ። ወጣን፣ ደረጃውን ወረድን፣ ወደየጠረጴዛችን ሄድን፤ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። ፊቷን ማየት ስለሌለብኝ እፎይ አልኩ። ሰው እንዲህ ይወርዳል።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። በሳምንቱ ስለ ጋላክሲዋ ለጻፉበት መጽሔት "ተሳስቻለሁ፤ ይህቺ ጋላክሲ እንደ ሌሎቹ ናት" የሚል ሁለት መስመር ጽፈው በራሳቸው ስም ላኩ። ስለ መጽሐፉ ግን፣ "የልኬቱ ባለቤት ሳላጣራ ለካሁ ብሎ እያመነ ሽፋን ላይ ባወጣው ማን ያምነዋል?" አሉ። ፈርደውባት ሳይሆን ደክመው ነው ያሉት። ጽሑፋቸው ክዳኑ ላይ የተገኘው የሣጥን አሥራ አራት ሰባቱ መስታወቶች እንደገና ይለኩ ተባለ። እሷ ስትታመም እኔ እለካ ስለነበር ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

የመጨረሻ ቀኗን ልንገራችሁ ብል የሚነገር የለም። አጉሊ መነጽሩን በለስላሳ ጨርቅ ወልውላ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው፣ መብራቱን አጠፋች፣ የምሳ ሳህኗን ያዘች። በር ላይ ደርሳ፣ "ክዳኑን ሳታነሳ አትለካ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቤቷ አልሄድኩም። በምን ዓይኔ? ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ልጁ አሞታል እያልኩ። ሰባቱን መስታወቶች ለካሁ። ክዳኑን አንስቼ፣ ስሜ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ የጠዋቱን በወረቀት ሸፍኜ። እምቢተኛዋንም ለካኋት። ሠላሳ ሰባቱ ነጠብጣቦች ሠላሳ ሰባት ናቸው፤ አንድም አላጎደለች፣ አንድም አልጨመረች። የተገለበጠውን ሰማይ እንኳ በትክክል ነው የቆጠረችው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ዶክተሩ አስጠሩኝና አንድ ቅጂ ሰጡኝ። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ስም አለ። ከሥሩ የልኬቱ ባለቤት ተብሎ የእኔ ስም አለ።

"ዶክተር፣ ይህ እኮ ለእሷ ነበር የሚገባው" አልኩ።

"እሷ ራሷ ናት ያንተን ስም አስገቡ ያለችኝ" አሉ። "ጠንቃቃ ሰው ነው አለችኝ።"

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ይዤ ከመሄድ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሩን እትዬ መስታወት ከፈተችልኝ። ከስታለች፤ ጡረታ ያሳርፋል ያለው ማነው? ሳፋ ውስጥ የእታበባን አንሶላ እያጠበች ነበር፣ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። "ያው መጣህ" አለች። እታበባ መስኮቱ ሥር አልጋዋ ላይ ናት። ድምፄን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ቀለሜ! መጽሐፉ ደረሰ?"

እትዬ መስታወትን አየኋት። ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። አልነገረቻትም። ኋላ እንደገባኝ፣ ልትደብቃት ብላ አይደለም፤ ያን ታሪክ ከሥሩ ጀምራ ለመንገር ጉልበት ስላጣች ነው።

"ደረሰ" አልኩ።

"አምጣው፣ አምጣው!" መጽሐፉን ተቀብላ ሽፋኑን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ዓይኗ ከጥላ በቀር አያይላትም። መልሳ ሰጠችኝና እጄን ያዘች። "አንብብልኝ። ከላይ ጀምር።"

ርዕሱን አነበብኩ። የዶክተሩን ስም አነበብኩ። ከዚያ የእትዬ መስታወትን ስም ከነአባቷ፣ ጮክ ብዬ፣ እዚያ እንደተጻፈ አድርጌ አነበብኩ። እታበባ ዓይኗን ጨፈነች። ለአንድ አፍታ፣ ደግ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

"ቀለሜ" አለች እትዬ መስታወት ከሳፋው። ዘወር አላለችም። "የተጻፈውን አንብብ።"

"እትዬ፣ ምናለበት..."

"የተጻፈውን።"

የራሴን ስም አነበብኩ።

እታበባ እጄን ጠበቅ አደረገችው። "እንኳን ደስ አለህ፣ የኔ ልጅ" አለች፤ ከአንጀቷ ነው። "ጎበዝ መሆንህን ሁልጊዜ ትነግረኛለች። የእሷስ? የእሷ ቀጥሎ ነው?"

እትዬ መስታወት የጨመቀችውን አንሶላ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። በፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ይቅርታም የለም። ደክሟታል። ዶክተሩ ፊት አንድ ጊዜ አድናኛለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሆን አቅም አልቀራትም።

"የእሷ የለም፣ እታበባ" አልኩ። "በእኔ ጥፋት ነው ስሟ የቀረው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሷ እኔ ነኝ ስትል ቆሜ ዝም አልኩ።"

እታበባ እጄን ለቀቀችው።